ጄፒ ሞርጋን፣ ሜሪል ወይስ ቫንጋርድ? ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ለማን ትሰጣላችሁ

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ሳምንቱን አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፓርኪንግ ላይ ትቀመጣለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዕቁብ ጥላ፣ ቤተሰብ ረድታ፣ ወንድሟን አስተምራ 60 ሺህ ዶላር አጠራቀመች። ገንዘቡ የቁጠባ ሒሳቧ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን ከባንኳ ተደወለላት። "ገንዘብሽ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ ነይና እንነጋገር" አሏት። እሷም ወዲያው ለእኔ ደወለች። "ጋሼ፣ አብረኸኝ ና፤ ብቻዬን ፈራሁ።"

ሄድን። ከቴለሮቹ ጀርባ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ አንድ ትሑት ሰው ተቀበለን። ውሃ አቀረበልን። ባለ 14 ገጽ የሚያምር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አምስት ቀለም ያለው ክብ ሥዕል አለበት፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አለበት፣ ጀልባ ላይ ፈገግ ያሉ ሽማግሌ ባልና ሚስት አሉበት። ገጽ 11 ግርጌ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። የአማካሪ ክፍያ በዓመት 1.2 በመቶ። የፈንዶቹ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮንና ሌላም የሚገዙት ቋቶች፣ ወጪ በአማካይ 0.4 በመቶ። ሰውየው ስለ ሥዕሉ ብዙ አስረዳን። ገጽ 11ን ግን አልገለጠውም።

ሁለቱ ሲደመሩ 1.6 በመቶ ነው። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። በ60 ሺህ ዶላር ላይ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 960 ዶላር ይሆናል። የአክሲዮን ገበያው በዓመት 7 በመቶ ያድጋል ብለን እናስላ፤ ለስሌት ያህል ነው እንጂ ይህን ቃል የሚገባ የለም። በዓመት 0.03 በመቶ የሚያስከፍል ፈንድ ውስጥ የተቀመጠ 60 ሺህ ዶላር ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 231 ሺህ ይደርሳል። 1.6 በመቶ እየተቆረጠበት ያደገው ደግሞ 172 ሺህ ገደማ ነው። ልዩነቱ 59 ሺህ ዶላር። ከመነሻው ያስቀመጠችውን ያህል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋችበትን።

ስለዚህ ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም። ትልልቆቹ ባንኮች በኢንቨስትመንት ክፍላቸው ምን እንደሚሸጡ፣ ከባንክ ውጭ ያሉት ምን እንደሚሻሉና የት እንደሚያንሱ፣ የማውቀውን ላካፍላችሁ። በዋናነት የማወራው አሜሪካ ላላችሁት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የባንኩ በር አንድ አይደለም

ጄፒ ሞርጋን ቼስን እንውሰድ፤ አብዛኞቻችን ቼስ የሚለውን ሰማያዊ ምልክት እናውቀዋለንና። ይህ ባንክ ተራውን የቼስ ሒሳብ ከሚያስተዳድረው ክፍል ውጭ የሀብት አስተዳደር የሚባል ትልቅ ክፍል አለው። በ2024 መጨረሻ ይህ ክፍል የሚያስተዳድረው የሰው ገንዘብ 4 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ የመንግሥታት፣ የጡረታ ድርጅቶች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የባለጸጎች ገንዘብ አለ። እንደ አክስቴ ልጅ ያለ ሰው ገንዘብም አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ጄፒ ሞርጋን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። መልስ የለውም። በአንድ ስም ሥር በጣም የተለያዩ ዕቃዎች ይሸጣሉና።

አንደኛው ፈንዱ ራሱ ነው። ጄፒ ሞርጋን ፈንድ ያመርታል። አንዳንዱ እጅግ ርካሽ ነው። ለምሳሌ ቤታቢልደርስ የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በገበያ የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ) በዓመት 0.02 በመቶ ነው የሚያስከፍለው። በ10 ሺህ ዶላር 2 ዶላር ማለት ነው። በርካሽ ፈንዶቹ ከታወቀው ከቫንጋርድም ይረክሳል። JEPI በሚል ምልክት የሚጠራው፣ በየወሩ ገንዘብ በመክፈሉ የታወቀው ኢቲኤፍ ደግሞ 0.35 በመቶ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እነዚህን ለመግዛት የቼስ ደንበኛ መሆን አያስፈልግም። ፊደሊቲ ወይም ሽዋብ በሚባሉት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ሒሳብ ያለው ሰው በስልኩ ይገዛቸዋል። ማለትም የባንኩን ዕቃ ለማግኘት የባንኩን አማካሪ መክፈል ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛው ራሳችሁ የምትገዙበትና የምትሸጡበት ሒሳብ ነው። በቼስ አፕ ውስጥ አለ፤ ለተራ አክሲዮንና ኢቲኤፍ ኮሚሽን የለውም። የደመወዛችሁ ሒሳብ እዚያው ከሆነ ገንዘብ ማዘዋወሩ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ከርቀት የሚያገለግል የአማካሪ ቡድን ነው። በስልክና በቪዲዮ ያነጋግራችኋል። ከ25 ሺህ ዶላር ጀምሮ ይቀበላል፣ ክፍያውም ከ0.6 በመቶ ጀምሮ ገንዘቡ ሲበዛ ይቀንሳል። የፈንዶቹ ወጪ በዚያ ላይ ይታከላል። ቀደም ሲል ሰው የሌለበት፣ በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ርካሽ አገልግሎት ነበራቸው፤ በ2024 ዘጉት። ሌላው ትልቅ ባንክ ጎልድማን ሳክስም በዚያው ዓመት ማርከስ ኢንቨስት የሚባለውን ተመሳሳይ አገልግሎቱን በኮምፒውተር ለሚያማክረው ድርጅት ለቤተርመንት አስረከበ። ከዚህ የምረዳው፣ ትልልቆቹ ባንኮች ከትንሽ ገንዘብ የሚያገኙት ጥቅም እንዳላረካቸው ነው። ትንሽ ገንዘብ ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን እያሰባችሁ ሂዱ።

አራተኛው ቅርንጫፍ ውስጥ የሚቀመጠው አማካሪ ነው፤ እኛ ያገኘነውን ዓይነት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው በየትኛውም ባንክ ብዙውን ጊዜ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ያስከፍላል። አምስተኛው ፕራይቬት ባንክ የሚባለው ነው። እሱ ሚሊዮኖች ላላቸው ነው። ጎልድማን ሳክስ በዚህ በኩል የሚያስተናግደው በተለምዶ 10 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ያለውን ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ጎልድማን ለአብዛኞቻችን አማራጭ አይደለም፤ ፈንዶቹን ግን ማንም ይገዛል።

የራሱን ዕቃ የሚመክር ባንክ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ፈንድ የሚያመርተውና "የትኛውን ፈንድ ልግዛ?" ስትሉት የሚመልስላችሁ አንድ ድርጅት ሲሆን፣ ምክሩ ወደ ራሱ ዕቃ ማዘንበሉ አይቀርም። ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2015 ጄፒ ሞርጋን ለሁለት የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በድምሩ 307 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ምክንያቱ ደንበኞቹን ወደ ራሱ ፈንዶች እንደሚያደላ በወጉ ስላላሳወቀ ነው። አድልዎው ራሱ አልነበረም የተከለከለው። ሳይናገሩ ማድላቱ ነው። ዛሬም ባንኩ በወረቀቱ ላይ እስከጻፈው ድረስ የራሱን ፈንድ ሊመክር ይችላል። እናንተ ናችሁ ወረቀቱን ማንበብ ያለባችሁ።

ሜሪል በዚህ በኩል ይለያል። ሜሪል ሊንች በ2008ቱ ቀውስ ጊዜ ሲንገዳገድ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ገዛው። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ በ2006፣ ሜሪል ፈንድ አምራች ክፍሉን ብላክሮክ ለሚባለው ፈንድ አምራች አስረክቦ ነበር። የእንግሊዙ ባንክ ባርክሌይስም በ2009 የራሱን ለዚያው ለብላክሮክ በ13.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጧል፤ ብላክሮክ ዛሬ ያለው ግዝፈት በአብዛኛው ከነዚህ ግዢዎች ነው የመጣው። ዌልስ ፋርጎም በ2021 ፈንድ አምራቹን ሸጧል። ሞርጋን ስታንሊ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፦ በ2020 አክሲዮን አገበያዩን ኢትሬድን፣ በ2021 ፈንድ አምራቹን ኢተን ቫንስን ገዛ። እንግዲህ "ባንክ ናቸው" ብለን በአንድ ላይ ብንጠራቸውም፣ ከፊሉ የራሱን ዕቃ ይሸጣል፣ ከፊሉ የሌላውን እያመጣ ይሸጣል።

ሜሪል ጋይድድ የሚባለው አገልግሎት በኮምፒውተር ብቻ ሲሆን ከ1,000 ዶላር ጀምሮ በዓመት 0.45 በመቶ፣ ሰው አማካሪ ሲጨመርበት ደግሞ ከ20 ሺህ ዶላር ጀምሮ 0.85 በመቶ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ላለው ሰው ቅናሽ አለው። ቀድሞውኑ እዚያ ለምትገለገሉ ቅናሹ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ሰው አውቃለሁ።

ሥራ ያልጀመረው ጥሬ ገንዘብ

ሰዎች ጨርሶ የማያዩት ወጪ አለ። ኢንቨስትመንት ሒሳብ ውስጥ አክሲዮን ያልተገዛበት ገንዘብ ሁሌም ይኖራል። ዲቪደንድ (ከኩባንያዎቹ የትርፍ ድርሻ) ይገባል፣ አንድ ነገር ይሸጣል፣ ወይም እናንተ አስገብታችሁ ለጊዜው ትተዉታላችሁ። ይህ ገንዘብ የት ነው የሚያድረው?

ባንክ በሆነ ድርጅት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ባንክ ተራ ሒሳብ ነው የሚገባው። ወለዱ ኢምንት ነው። ባንኩ ግን ያንኑ ገንዘብ አበድሮ ያተርፍበታል። በጥር 2025 ሜሪል 25 ሚሊዮን፣ የዌልስ ፋርጎ ሁለት ድርጅቶች ደግሞ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ያደረ ገንዘብን በተመለከተ የደንበኛውን ጥቅም የሚያስጠብቅ በቂ አሠራር አልነበራችሁም ተብለው። ባንኮቹ ብቻ ናቸው እንዳልል ደግሞ ሽዋብም አለ። "የአማካሪ ክፍያ የለም" በሚለው የኮምፒውተር አገልግሎቱ ብዙ ጥሬ ገንዘብ እያስቀመጠ ስለሚያተርፍበት ነገር በወጉ አላስረዳም ተብሎ በ2022 ወደ 187 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። "ነጻ ነው" የተባላችሁበት ቦታ ላይ ጥሬ ገንዘባችሁን ተከታተሉ።

ቫንጋርድና ፊደሊቲ ጋ ለተራ ደንበኛ ሒሳብ ይህ ገንዘብ መኒ ማርኬት ፈንድ ውስጥ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ እያበደረ ወለድ በሚያገኝ ፈንድ ውስጥ ያድራል። የገበያውን ወለድ ያገኛል። በዚህ ነጥብ ላይ ልዩነታቸው የጎላ ነው፤ ለእኔ እንደውም ከአማካሪ ክፍያው ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከባንክ ውጭ ያሉት

ቫንጋርድን ጆን ቦግል በ1975 ነው ያቋቋመው። በቀጣዩ ዓመት ለተራ ሰው የሚሸጥ የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ፈንድ አወጣ። ኢንዴክስ ፈንድ ማለት አሸናፊውን አክሲዮን ለመምረጥ ሳይደክም ገበያውን በሙሉ የሚገዛ ማለት ነው። ድርጅቱ የውጭ ባለአክሲዮን የለውም፤ የፈንዶቹ ባለቤቶች፣ ማለትም ገንዘብ ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው የድርጅቱም ባለቤቶች። ከዓመት ዓመት ክፍያ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። የአሜሪካን ገበያ በሙሉ የሚይዘው ኢቲኤፉ 0.03 በመቶ ነው። አማካሪ ከፈለጋችሁም ከ50 ሺህ ዶላር ጀምሮ 0.3 በመቶ ገደማ ያስከፍላል፤ ከቅርንጫፉ አማካሪ ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው።

ድክመቱን ልናገር። ቅርንጫፍ የለውም። ስልክ ላይ ረጅም መጠበቅ አለ። እንግሊዝኛው ለከበደው ሰው፣ ወይም ፊት ለፊት ካልተነጋገረ ልቡ ለማያርፍ ሰው፣ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። እናቴን ቫንጋርድ ብቻዋን አላስገባትም።

ፊደሊቲ በመሃል ነው ያለው። በትልልቅ ከተሞች የሚገቡበት ቢሮ አለው፣ ስልክም ቶሎ ያነሳሉ። በ2018 ዜሮ የሚባሉ፣ ምንም ዓመታዊ ወጪ የሌላቸውን ፈንዶች አውጥቷል። እነዚህን ግን ሳትሸጡ ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወር አይቻልም። በጡረታ ሒሳብ ውስጥ ይህ ችግር የለውም፤ በተራው ሒሳብ ግን መሸጥ ማለት ግብር መክፈል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተራው ሒሳብ ባለ 0.03 በመቶውን ኢቲኤፍ እመርጣለሁ።

"ብዙ የተከፈለው ባለሙያ ብዙ አያተርፍልኝም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ኤስ ኤንድ ፒ የሚባለው ድርጅት በየጊዜው ይህን ይመዝናል። በ15 ዓመት ርቀት ሲታይ፣ አክሲዮን እየመረጡ ከሚገዙት የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያ ፈንዶች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት ከተራው ኢንዴክስ በታች ነው ያተረፉት። የቀረውን አንዱን አስቀድሞ መለየት የሚችል ሰው አላጋጠመኝም።

ባንኩ የሚሻልባቸው ጊዜያት

ባንኩን ጨርሶ ራቁት እያልኩ አይደለም። ነዳጅ ማደያውን ወይም ምግብ ቤቱን ሸጦ በአንድ ቀን 2 ሚሊዮን ዶላር የገባለት ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ግብር አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ ለልጆች የሚቀመጥ ትረስት አለ፣ አክሲዮኑን ሳይሸጥ በሱ ላይ መበደር አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ ባንክ ይጠቅማል። እዚያ ደረጃ ላይ ክፍያውም በድርድር ይወርዳል። ተደራደሩ፤ መርካቶ ላይ ብቻ አይደለም ዋጋ የሚከራከሩት።

ሌላም አለ። በ2020 የኮሮና ሰሞን የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 ባለው አንድ ወር ገደማ ውስጥ 34 በመቶ ወደቀ። የማውቃቸው ሰዎች በዚያ ሰሞን ሁሉን ሸጡ። ገበያው ግን በነሐሴ የነበረበት ከፍታ ላይ ተመልሷል፤ የሸጡት ከነኪሳራቸው ቀሩ። ያኔ "ተዪ፣ አትንኪው" የሚል አንድ አማካሪ ኖሯቸው ቢሆን ክፍያውን አሳምሮ ያገኝ ነበር። እንቅልፍ የሚነሳችሁ፣ ሲወርድ የምትሸጡ ከሆናችሁ ለሰው መክፈሉ ያዋጣችኋል። ያኔም ቢሆን 0.3 ወይም 0.6 በመቶ ይበቃል።

አንድ አደገኛ አለመግባባት ደግሞ አለ። የባንኩ ስም በሩ ላይ ስላለ ሰው ገንዘቡ እንደ ቁጠባው ዋስትና ያለው ይመስለዋል። የቁጠባ ሒሳብ በኤፍዲአይሲ እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሸፈናል። የኢንቨስትመንት ሒሳብ የሚሸፈነው በሌላ ነው፤ ሲፒክ ይባላል፣ እስከ 500 ሺህ ዶላር ነው፣ ከዚያ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ 250 ሺህ። እሱም የሚረዳው ድርጅቱ ሲፈርስ ንብረታችሁ ቢጠፋ ብቻ ነው። አክሲዮኑ ዋጋው ቢወርድ ማንም አይተካላችሁም፤ ጄፒ ሞርጋንም ሆነ ቫንጋርድ ጋ ያው ነው።

ከመፈረም በፊት

አማካሪው ፊት ስትቀመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ደንበኞችን የሚመለከተውን አጭር ማብራሪያ ነው፤ ፎርም ሲአርኤስ ይባላል። ከ2020 ጀምሮ ሁሉም የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ከሁለት እስከ አራት ገጽ ነው፣ ክፍያውና የጥቅም ግጭቱ በቀላል ቋንቋ ተጽፎበታል። ከዚያ "ሁሉን ጨምሮ በዓመት ስንት ዶላር እከፍላለሁ?" በሉ። በመቶኛ ሳይሆን በዶላር ይንገሯችሁ። "ከምትገዙልኝ ፈንዶች ስንቱ የራሳችሁ ነው?" "ያደረው ጥሬ ገንዘቤ ስንት ወለድ ያገኛል?" "በዚህ ሒሳብ ላይ ሁልጊዜ የእኔን ጥቅም የማስቀደም ሕጋዊ ግዴታ አለብህ?" የመጨረሻው ላይ "አዎ" ከማለት ይልቅ ረጅም ማብራሪያ ከጀመረ፣ ያንን እንደ መልስ ውሰዱት። የአማካሪውን ስም ብሮከርቼክ የሚባለው የፊንራ (የአክሲዮን ደላሎች ተቆጣጣሪ) ገጽ ላይ አስገቡ፤ የቀረበበት ቅሬታ ካለ ይወጣል። ነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው።

ፈርማችሁ ከሆነም አልዘገየም። አብዛኛው ነገር ሳይሸጥ ወደ ሌላ ድርጅት ይዛወራል። የምታመለክቱት ለሚቀበላችሁ ድርጅት ነው፤ የቀድሞው ከ50 እስከ 100 ዶላር ያስከፍል ይሆናል፣ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ይተካላችኋል።

የመሥሪያ ቤት የጡረታ ሒሳብ፣ ፎር ኦ ዋን ኬ የምንለው፣ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። አሠሪው የሚጨምርላችሁ ካለ መጀመሪያ እሱን ሙሉ በሙሉ ውሰዱ። ውስጡ የጄፒ ሞርጋን ወይም የቫንጋርድ ባለ ዓመት ፈንድ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ የጡረታ ዓመታችሁን ተከትሎ ራሱ የሚስተካከል ነው። ወጪውን አይታችሁ ዝቅ ካለ እሱ ይበቃል።

ወለድ ለማትፈልጉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፦ ኤችኤስቢሲ የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚይዝ ኢስላማዊ ኢንዴክስ ፈንድ አለው፤ እንግሊዝ ውስጥ በጡረታ ዕቅዶች በኩል ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። አሜሪካም ሸሪዓን የሚከተሉ ኢቲኤፎች አሉ። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዛችሁ አውሮፓ የምትኖሩ ግን የአካባቢውን ባንክ ፈንድ ከመግዛታችሁ በፊት ግብር አዋቂ ጠይቁ፤ የአሜሪካ ግብር ሕግ በውጭ ፈንዶች ላይ እጅግ ከባድ ነው። ጠቅልላችሁ አዲስ አበባ ለመግባት ያሰባችሁም አድራሻችሁ ሲቀየር ሒሳቡ ላይ ምን ገደብ እንደሚመጣ ሳትሳፈሩ ጠይቁ። ከሄዱ በኋላ መግዛት የተከለከሉ ሰዎች አሉ።

የአክስቴ ልጅ በዚያ ቀን አልፈረመችም። "ላስብበት" ብላ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። በሳምንቱ ብቻዋን ተመለሰች፣ እኔን ሳትጠራ። ገጽ 11ን ገልጣ "ይህ በዶላር ስንት ነው?" አለችው። ሰውየው ካልኩሌተር አወጣና 960 ብሎ ጻፈላት። አልዋሸም፤ ስለተጠየቀ ነገራት። አመስግናው ወጣች። 15 ሺውን ለክፉ ቀን ጥሩ ወለድ ወደሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ አዞረች። 45 ሺውን መላውን ገበያ በሚይዝ ባለ 0.03 በመቶ ፈንድ ላይ በሦስት ጊዜ ከፍላ አስገባች፤ የዚህ ዓመታዊ ወጪ 13 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የደመወዝ ሒሳቧን አላነሳችም፣ እዚያው ባንክ ነው ያለው። ሰውየውም ስትገባ ሰላም ይላታል።